ከካርፓል ተነል ቀዶ ጥገና በኋላ ውጤት ሲለካ የሚሠሩ ስህተቶች

ካርፓል ተነል በእጅ አንጓ ውስጥ ነርቭ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ቀዶ ጥገናው እዚያ የተጨነቀውን ነርቭ ለማላቀቅ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ደሴ ውስጥ ለክትትል የመጣ ታካሚ «ተሻለዎት?» ሲባል መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ነው። ይህ ምስጋና ነው። ካርዱ ላይ «ተሽሎታል» ተብሎ ሲሰፍር ግን ልኬት ይመስላል፤ ይህን ስህተት እባካችሁ ተዉት! ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ራሱ ሲጠይቅ ደግሞ ይብሳል፤ እሱ ፊት «አልተሻለኝም» ማለት ለብዙ ሰው ነውር ነው። ጠያቂው ሌላ ባለሙያ ይሁን፤ ጥያቄውም የሚቆጠር ነገር ይያዝ፦ ባለፉት 2 ሳምንታት እጅዎ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ከእንቅልፍ ቀሰቀሰዎት?

የቦስተን መጠይቅ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። ስለ ሕመም ስሜት 11፣ ስለ እጅ ሥራ 8 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ 5 የከፋው ነው። የሁለቱ ክፍሎች አማካይ ለየብቻ ይወጣል፣ አይደመርም። መጻፍ የማይችሉ እናት ስለ መጻፍ ሲጠየቁ 5 አይሞላላቸውም፤ ጥያቄው ባዶ ይተውና አማካዩ በተመለሱት ይሰላል። ሊጥ ማቡካትና ልብስ መጭመቅ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በተለየ ወረቀት ይመዝገብ እንጂ የመጠይቁን ጥያቄ አይተካ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ካልተለካ በኋላ የሚለካው ከምን ጋር ይነጻጸራል? ከ3 ወር በኋላ «ያኔ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይተካውም።

ሁለቱም እጆች ከታመሙ ለየእጁ አንድ ቅጽ።

የጭብጥ ኃይል፣ ማለትም በእጅ አጥብቆ የመጨበጥ ጉልበት፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀንሳል፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ 3 ወር ገደማ ይፈልጋል። በ6ኛው ሳምንት ለክቶ «አልተሳካም» ማለት ታካሚውን በከንቱ ማስደንገጥ ነው። ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ የጭብጥ መለኪያ መሣሪያው መያዣ በ2ኛው እርከን ላይ ሆኖ፣ 3 ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዝ።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ፣ ማለትም መልእክት በነርቩ ውስጥ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያልፍ የሚለካው፣ ካለ ብርዱ አይረሳ። የቀዘቀዘ እጅ ነርቭን ያዘገያል፤ በደሴ ጠዋት የተለካ እጅ በኮምቦልቻ ሙቀት ከተለካው ጋር አይወዳደርም። የእጁ ቆዳ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይሙቅ። ምርመራው ወደ ጤናማ ልክ ባይመለስም ሕመሙ ሊጠፋ ይችላል፤ የሳሳ የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ግን ላይመለስ ይችላል፣ ይህ አስቀድሞ ይነገራቸው።

የመጨረሻው ስህተት በቀጠሮ የመጡትን ብቻ ቆጥሮ ውጤት ማውጣት ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለዳነች ሊሆን ይችላል የቀረችው፣ ፈቃድ ስላላገኘች ወይም ተስፋ ስለቆረጠችም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቀን የእሷንና የአንድ ዘመዷን ስልክ መዝግቦ ቀጠሮው ሲያልፍ መደወል ያስፈልጋል።