ልጃችን ኦቲዝም ኖሮበት ሲማታ፣ ሲናከስ ምን እናድርግ? (ከድሬ እናት)

የኔ ልጅ 9 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ አፉን የፈታው በሶስት አራት ቃል ብቻ ነው። 6 ዓመት ሲሞላው መማታት፣ መናከስ፣ ጸጉር መጎተት ጀመረ፣ ክንዴ ላይ የጥርሱ ምልክት እስካሁን አለ። ሐኪም አይደለሁም፣ እኔን የጠቀመኝን ነው የምጽፈው።

ድሮ የማይማታ ልጅ ድንገት ከተለወጠ ጠባይ ነው ብላችሁ አትለፉት አቦ፣ መጀመሪያ ሰውነቱን አሳዩት። መናገር የማይችል ልጅ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን ሲያመው በጡጫ ነው የሚነግራችሁ። የኔው አንዴ 2 ሳምንት ሙሉ ቤቱን ሲያምሰው ከረመ፣ ጉንጩን በመዳፉ ይመታል፣ ጎረቤት ጅኒ ነው አለ፣ እኔም ግራ ገብቶኝ አለቅሳለሁ፣ በኋላ ጥርስ ሐኪም ሲያየው መንጋጋ ጥርሱ በስብሶ መግል ቋጥሯል። የሆድ ድርቀትም እንደዛው ነው፣ ሽንት ቤት ሳይወጣ ስንት ቀን እንደሆነው ቁጠሩ። አንዳንዴ አፍጥጦ የሚቀር፣ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ለሐኪም ንገሩ፣ የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በዛ ብሎ ይታያል።

በሽታ ካልሆነ ደብተር ያዙ። በመታ ቁጥር ሶስት ነገር ጻፉ፦ ከመምታቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከመታ በኋላ ምን አገኘ። ሶስተኛዋን ሰው ይዘላታል፣ ዋናዋ ግን እሷ ነች። እኔ 2 ሳምንት ጽፌ ሳየው አብዛኛው ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ነው፣ ያ የድሬ ሙቀት፣ መብራት ሄዶ ፋኑ ሲቆም፣ ላቡ አንገቱ ላይ ሲወርድ፣ ውጪ ደግሞ የባጃጅ ጡሩምባ። ሌላው ሞባይል ስቀበለው ነው፣ ይመታኛል፣ እኔም እንዲተወኝ ብዬ እመልስለታለሁ፣ ለካ መማታት ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ሙቀቱን አሁን ቀድሜ ነው የምጠብቀው፣ 6 ሰዓት ላይ ገላውን አጥቤ በስስ ሽርጥ ብቻ አስቀምጠዋለሁ፣ ገበያ ከወሰድኩትም በጠዋት ነው፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ልጄ የሚያውቀው አንድ ልጅም አለ፣ እሱን በኮንትራት እይዛለሁ፣ ሲነዳ ጡሩምባ አይነፋም። ሞባይሉን ደግሞ ድንገት አልቀማውም፣ በጣቴ "ሁለት ቀረ" "አንድ ቀረ" እያልኩ አሳየዋለሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገርም ፎቶውን አሳየዋለሁ። ፎቶ ስል የራሱን ኩባያ፣ የራሳችንን በር፣ የሽንት ቤቱን በሞባይል አንስታችሁ አሳጥባችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉለት፣ የፈለገውን ይጠቁም። "በቃኝ" የሚልበት ምልክትም አስተምሩት፣ እጁን ወደፊት መዘርጋት ይበቃል፣ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምልክቱን ባሳየ ቁጥር ወዲያው የያዛችሁትን ነገር አቁሙለት፣ ካላቆማችሁለት ምልክቱን ትቶ ወደ ጡጫው ይመለሳል።

በመምታቱ ማግኘቱን ስታቆሙበት መጀመሪያ ላይ ይብስበታል፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። በአራተኛው ቀን ተሸንፋችሁ ከሰጣችሁት ጠንክሮ መምታት እንደሚያዋጣ ነው የሚማረው። ቤቱ ሁሉ አንድ መሆን አለበት። እናቴ ከሐረር በመጣች ቁጥር እየመታት ሐላዋ ትሰጠው ነበር፣ ከሷ ጋር የተጣላሁት ከልጁ በላይ ነው።

አንዴ ከጀመረው ግን ምክር አይገባውም። ድምጻችሁን ቀንሱ፣ ከሁለት ቃል በላይ አታውሩ፣ አፍጥጣችሁ አትዩት። ጀበና፣ ስኒ፣ በተለይ የከሰል ምድጃውን አርቁ፣ ታናናሾቹ ጎረቤት ይሂዱ፣ እኛ ቤት "ሩጡ ለወተት" ካልኩ ያውቁታል። ሲነክሳችሁ ክንዳችሁን አትንጠቁ፣ ቆዳው ይቀደዳል፣ ወደ አፉ ገፋ አድርጉት፣ ይለቃል። ጸጉር ከያዘም እጁን በእጃችሁ ራሳችሁ ላይ ተጭናችሁ ጠብቁ። በደረቱ አስተኝቶ መጫን፣ ላዩ ላይ መቀመጥ በፍጹም አይሆንም፣ ትንፋሽ ያሳጣል። በርበሬ ማጠን፣ ማሰር፣ መልሶ መምታት ፍርሃት ነው የሚጨምርበት። ሲበርድለት ውሃ ስጡት፣ ቁጣም ወቀሳም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቅር።

መንገድ ላይ "ባለጌ" የሚል አይጠፋም። እኔ "ኦቲዝም ነው፣ ትንሽ ቦታ ልቀቁልኝ" የምትለዋን በኦሮምኛና በሶማልኛ ያ ባጃጅ ነጂ አስጠንቶኛል፣ እዚህ አገር አማርኛ ብቻውን ሁሌ አይበቃም። ጸበልም ቁርአንም ውሰዱ የሚል አለ፣ አልጣላም፣ ግን ልጄን ማሰርም መድኃኒቱን ማስቆምም አይቻልም፣ በቃ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ሪስፔሪዶን የሚባለው በ2006 (በፈረንጅ አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ለንዴትና ለመማታት ተፈቅዷል፣ በኋላ አሪፒፕራዞልም ተጨምሯል። ኦቲዝሙን አያድኑም፣ ልጁ ጋብ እንዲል ነው። ከጎረቤት ተውሶ መስጠት የለም፣ የአእምሮ ሐኪም ነው የሚያዝዘው፣ በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆምም አይቻልም። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ኪሎውን አስመዝኑና ደብተሩ ላይ ጻፉት፣ ከዛ በየወሩ መዝኑት፣ ቶሎ ከጨመረ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ተመለሱ።