«ስኳር በልቶ ነው የሚረብሸው» እና ሌሎች የልጆች ማዕድ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ለልጁ የሚሰስት ወላጅ ብዙም አላየሁም። ከገበያ ሲመለስ ፌስታሉ ውስጥ ብስኩት አይጠፋም። ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የልጁ ጠባይ ሲለወጥ የማይመለከተውን ምግብ እንከሳለን፣ ዋናውን ጥፋተኛ ግን በየቀኑ እናቀርብለታለን።

«ስኳር ሲበላ ያብዳል»

ልደት ላይ ኬክ በልቶ ሶፋ ለሶፋ የሚዘልን ልጅ ያየ ሁሉ ስኳሩን ይከሳል። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ልጆች ለተወሰኑ ሳምንታት ስኳር የበዛበት ምግብ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ደግሞ በስኳር ፋንታ ሌላ ማጣፈጫ የገባበት ምግብ በሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ልጆቹም ወላጆቹም አያውቁም። በጠባይም በትኩረትም ለውጥ አልታየም። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ እናቶች «ልጅሽ ስኳር ወስዷል» ተባሉ። የተሰጠው ግን ስኳር አልነበረም። ይህን ያመኑት እናቶች ልጃቸውን ቀዥቃዣ አሉት። ልጁ የሚዘለው ልደት ስለሆነ ነው፤ ጓደኞቹ አሉ፣ ሙዚቃ አለ።

ይህ ማለት ግን ስኳር ነጻ ነው ማለት አይደለም። ጥርስ ይጎዳል፤ ከምሳ በፊት የተጠጣ ለስላሳም ሆድ ሞልቶ ልጁ ምስሩን እንዲተው ያደርጋል። ቀለሙ ደግሞ ለብቻው ይታይ። በ2007 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ጥናት አንዳንድ ሰው ሠራሽ የምግብ ቀለሞችን፣ መጠጥ እንዳይበላሽ ከሚጨመረው ሶዲየም ቤንዞዌት ጋር የጠጡ ልጆች ትንሽ የበለጠ ተቅበጠበጡ። አውሮፓ ውስጥ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚያ ቀለሞች ያሉበት ምግብ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ደማቅ ቀይና ቢጫ የላስቲክ ጁስ ቢቀር ልጁ ምንም አይጎድልበትም።

ፈዛዛውን «ጨዋ» ብሎ ማለፍ

ረባሹ ልጅ ወላጅ ያስጠራል። ዝምተኛው ግን «ጨዋ ነው፣ አይነካካም» ተብሎ ይታለፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የአይረን እጥረት ያለበት ልጅ አንዳንዴ ይነጫነጫል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይፈዛል። ጨዋታ ቶሎ ይደክመዋል፣ ከእናቱ ቀሚስ አይላቀቅም፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። አይረን የሚያስፈልገው ለደም ብቻ አይደለም፤ ለአንጎልም ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከጎደለ ጉዳቱ ትምህርት ቤት ድረስ ሊከተል ይችላል።

የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ ውስጡን እዩት። ቀላ ማለት ሲገባው ከነጣ ደሙን አስመርምሩት። አፈር የሚልስ ወይም የግድግዳ ጭቃ ፈርፍሮ የሚበላ ልጅም እንዲሁ ነው። «ምን ዓይነት ዱርዬ ነው» ብሎ ከመግረፍ በፊት ምርመራው ይቅደም።

«ጤፍ እንበላለን፣ ምን ይጎድለናል?»

ጤፍ አይረን አለው። አብሮት ግን ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ አይረኑን ይዞ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ተቻኩሎ የተጋገረ እንጀራ ይህን አያገኝም። ከዚያ ሻይ እንጨምርበታለን። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ መክሰስ ብስኩት በሻይ። ሻይ የምግቡን አይረን ያባክነዋል።

ቡናውስ? ዘጌ አጠገባችን ሆኖ ቡና እንዴት ይቀራል! አቦሉ ለትልልቆቹ፣ በረካው «ቀጭን ነው» ተብሎ ለልጁ። ቀጭንም ቢሆን ካፌይን አለው። ማታ የጠጣ ልጅ እንቅልፍ ይርቀዋል፤ በማግስቱ በትንሽ በትልቁ ያለቅሳል፣ እኛም «ምን ነካው?» እንላለን። ለልጅ ቡናው ይቅር። ሻዩም የግድ ከሆነ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። በምትኩ ወቅቱ ሲሆን ዘይቱን፣ ካልሆነ ብርቱካን ስጡት። ዘይቱን በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ያስከነዳል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ሰውነት አይረኑን እንዲወስድ ያግዛል።

ድስቱ ስለጾመ ልጁም መጾሙ

በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይጠበቅበትም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ግን የቤቱ ድስት የጾም ነው። እንቁላል ቢጠበስበት ይነካካል ተብሎ ልጁም ከቤተሰቡ ጋር ሽሮውን ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለልጁ የብቻው ትንሽ ድስትና ማንኪያ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለምለም በሚባል ክልል!

ፍስክ ሲሆንስ? ቀረሶውና አምባዛው ከደጃችን ይወጣል። አባት ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የዓሳ ዱለቱን በቢራ ያወራርዳል፤ ልጁ ቤት ሽሮ ይጠብቀዋል። አጥንቱ ተለቅሞ የወጣለት ትንሽ የዓሳ ቁራጭ ሽሮው ላይ ቢጨመር የሽሮውም አይረን በተሻለ ይወሰዳል።

በግድ ማጉረስ

ጉርሻ ፍቅር ነው፤ አፉን ለዘጋ ልጅ ሲሆን ግን ትግል ነው። ልጅ አዲስ ምግብ ለመልመድ ስምንትና አሥር ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ጎመኑን በትንሹ አቅርቡ፣ ካልበላ አንሱ፣ ሌላ ቀን መልሱ። «ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ» ማለት ጎመንን ቅጣት ያደርገዋል።

ትሉን መርሳት

ጣና ዳር ያደገ ልጅ ይዋኛል። የቢልሃርዚያ ተውሳክ በቀንድ አውጣ በኩል ውሃው ውስጥ ይለቀቅና በቆዳ ይገባል። ደም የሚመጥ የአንጀት ትልም በባዶ እግር ይገባል። ምግቡ ምንም ቢስተካከል ትል ያለበት ልጅ አይፋፋም። ትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ሲታደል «ሆዱን ያመዋል» ብሎ ልጁን ማስቀረት ስህተት ነው።

የጎረቤትን ሽሮፕ መዋስ

የአይረን ሽሮፕ ያለ ምርመራ አይሰጥም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ውስጥ አይረን የያዘውን ነገር፣ አስለኩ። ከፍ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ስለሚል፣ ከተማችንም 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ባለሙያው ውጤቱን ሲያነብ ይህንንም ያሰላል። ነፍሰ ጡር ቤት ካለች ደግሞ የምትወስደውን የአይረን ክኒን ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጉ። ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል፤ ከዋጠ ምልክት ሳትጠብቁ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።