ግራፊክስ ካርድ ስትገዙ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ

መካከለኛ ዋጋ ያለው ካርድ ልትገዙ ከሆነ ስሙን ብቻ አይታችሁ ብር አትክፈሉ። ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5060 ቲአይን፣ ኤኤምዲ ደግሞ አርኤክስ 9060 ኤክስቲን በ2025 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ ሁለቱም በአንድ ስም ባለ 8 እና ባለ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አድርገው ነው። ካርቶኑ ላይ 16 የሚለውን ፈልጉ። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ጌሙ ትርፉን ከኮምፒውተሩ ራም ማመላለስ ይጀምራል። ያ መንገድ ቀርፋፋ ስለሆነ ምስሉ ይቆራረጣል።

ማዘርቦርዳችሁ የቆየ፣ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት ማስገቢያ (ፒሲአይ ኤክስፕረስ) 3.0 ከሆነ ደግሞ እኔ የኤኤምዲውን እመርጣለሁ። በ16 መስመር ነው የሚሠራው፤ የኤንቪዲያው በ8 ብቻ። በ3.0 ላይ እያንዳንዱ መስመር ቀርፋፋ ስለሆነ የመስመሩ ብዛት ይጠቅማል። የባለ 16ቱ መነሻ ዋጋም 349 ዶላር ነበር፣ የዚያኛው 429።

ዶታ 2 ወይም ቫሎራንት ብቻ በ1080ፒ የስክሪን ጥራት የምትጫወቱ ከሆነ ግን ባለ 8ቱ ይበቃችኋል፤ ተጨማሪ አታውጡ።