ባለ ሁለት መቀመጫ ተገጣጣሚ ጋይሮፕሌን ሲመርጡና ኢንሹራንስ ሲገቡ

ጋይሮፕሌን ከላይ ባለው፣ ነፋስ በሚያዞረው ሮተር (ተሽከርካሪ ክንፍ) የሚንሳፈፍ፣ በሞተር ፕሮፔለር የሚገፋ በራሪ ማሽን ነው። መጀመሪያ የክብደቱን ሒሳብ ይሥሩ። የተፈቀደው የመነሻ ክብደት 500 ኪሎ፣ ባዶ ክብደቱ 270 ኪሎ ከሆነ 230 ኪሎ ይተርፋል። 85 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ 60 ይቀራል፤ 70 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 50 ኪሎ ያህል ነው። ባዶ ክብደቱን ከማስታወቂያው ሳይሆን ተገጥሞ ካለቀ ማሽን የሚዛን ወረቀት ይውሰዱ፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል።

ቀጥሎ ሞተሩ የሚገፋበትን መስመር ይዩ። የፕሮፔለሩ መሃል ከክብደት ማዕከሉ በጣም ከፍ ካለ፣ ሮተሩ የማሽኑን ክብደት መሸከም ባቆመ ቅጽበት ግፊቱ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋዋል፤ አንዴ ከጀመረ ለማዳን ጊዜ አይሰጥም። በቂ ስፋት ያለው አግድም የጅራት ክንፍ የሌለውን፣ ዋጋው ቢረክስም፣ ይተዉት።

የኢንሹራንስ ዋጋ የሚጠየቀው ኪቱ (ያልተገጠሙት የማሽኑ ክፍሎች) ከመታዘዙ በፊት ነው። የሦስተኛ ወገንና የተሳፋሪ ሽፋን አንድ ነገር ነው፤ የማሽኑ የራሱ ጉዳት ሌላ። «መሬት ላይ» የሚል ሽፋን ካገኙ፣ ቆሞ ሳለ ብቻ ነው ወይስ ሲንደረደርም ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ። ሮተሩ በቂ ዙር ሳያገኝ ፍጥነት ከተጨመረ ምላጮቹ ተርገብግበው ጅራቱን ይመታሉ፤ ማሽኑ ከመሬት ሳይነሣ ይገለበጣል። ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ጋር ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የሙከራ በረራ ሰዓታት መካተታቸውን ይጠይቁ። በአውሮፕላን ያካበቱት ሰዓት በጋይሮፕሌን ላይቆጠር ይችላል። የሞተሩን፣ የመሣሪያዎቹንና የኪቱን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ፤ በውሉ የሚጻፈው ዋጋ የሚደገፈው በእነሱ ነው።