ራጂ ስትመርጡ አትሳሳቱ

ድሬ ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ያምርባታል። ቸርኬ፣ ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ፣ ራሳቸው መወጠር የጀመሩ ልጆችም እየበዙ ነው፤ ሳያቸው ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ራጂ፣ ማለትም ከመሃል ወደ ቸርኬው የሚወጠረውን ሽቦ፣ ሲገዙ የሚሠሩት ስህተት ነው።

«የ26 ራጂ ስጠኝ» ማለት። አቦ! 26 የጎማው ቁጥር ነው እንጂ የራጂው ርዝመት አይደለም። ሁለት የ26 ቸርኬ ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። አንዱ ስስ ነው፤ ሌላው ድርብ፣ ወደ ውስጥ የወፈረ። ዳዶው (ራጂውን ቸርኬው ላይ የሚያስረው) የሚያርፍበት ክብ ስፋት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በ10 ሚሊሜትር ከተለያየ ራጂው ወደ 5 ሚሊሜትር ይለያያል። የሚፈቀደው ስህተት ደግሞ 1፣ ቢበዛ 2 ሚሊሜትር ነው። ሞዞውም፣ መሃል ላይ ራጂዎቹ የሚነሱበት እምብርት፣ የራሱ ልክ አለው፤ የራጂ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክብ ሰፊ ከሆነ ራጂው ያጥራል።

አንድ ልጅ ካላማዳሪያው እየፈሰሰ ሲያስቸግረው መጣ። እሾህ ነው ብሎ ጎማውን ሲፈትሽ ከርሟል። ጎማውን አውልቄ፣ ላስቲኩን ገልጬ ጣቴን ቸርኬው ውስጥ አዞርኩ። የራጂዎቹ ጫፍ ከዳዶው አልፎ እንደ መርፌ ቆሟል። «በሞረድ ልሞርደው?» አለኝ። ጫፉን ብትሞርደውም የራጂው ጥርስ (ዳዶው የሚዞርበት ጥምዝ) ስላለቀ ዳዶው ከዚያ በላይ አይጠብቅም። ራጂው ካጠረ ደግሞ የዳዶው ውስጥ እስከ ጭንቅላቱ አይሞላም፤ ዳዶው አንገቱ ላይ ይበጠሳል።

መለካት ከባድ አይደለም። ርዝመታቸውን የምታውቋቸውን ሁለት አሮጌ ራጂዎች በቸርኬው ትይዩ ቀዳዳዎች አስገቡ። 36 ቀዳዳ ከሆነ 1ኛውና 19ኛው ናቸው። ዳዶውን ከራጂው ጫፍ እኩል አድርሱ፣ ወደ መሃል ወጥሩ፣ በሁለቱ ክርኖች (ራጂው በሞዞው በኩል የሚታጠፍበት) መካከል የቀረውን ክፍተት ለኩ። ራጂዎቹ 250፣ 250 ቢሆኑና ክፍተቱ 38 ቢሆን ስፋቱ 538 ሚሊሜትር ነው። የሞዞውን የቀዳዳ ክብ ስፋት፣ ከመሃሉ እስከ ግራና ቀኝ ጠርዙ ያለውን ርቀት፣ የራጂውን ብዛት፣ አንዱ ራጂ ሌላውን ስንት ጊዜ እንደሚሻገር ጨምሩበት። ቀሪውን ስልክ ላይ ያሉት ነፃ ማስሊያዎች ይሠሩላችኋል።

የኋላውን ግራና ቀኝ በአንድ ልክ መግዛት። በቀኝ የሰንሰለቱ ጥርሶች ቦታ ስለሚይዙ በዚያ በኩል ራጂው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ከግራው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያጥራል። ፊት ለፊት የዲስክ ፍሬን ካለ እዚያም ሁለቱን ጎን ለየብቻ አስሉ።

ወፍራም ሁሉ ጠንካራ ይመስላችኋል። ከቀፊራ ገበያ ጆንያ ለሚጭን ሰው 2.3 ሚሊሜትር እሰጣለሁ፤ ለሌላው 2 ይበቃል። ወፍራሙ የራሱን ዳዶ ይፈልጋል፤ በሞዞው ቀዳዳ መግባቱንም ቀድማችሁ ሞክሩ። እባካችሁ ሞዞ በድሪል አታስፉ! ጥንካሬው የሚመጣው ከውጥረቱ ነው። የላላ ራጂ ጎማው በዞረ ቁጥር ሲላላና ሲወጠር ክርኑ ላይ ይደክማል፤ አብዛኛው ራጂም የሚበጠሰው እዚያው ነው። ሰውየው ግን «ቀጭን ሆኖ ነው» ብሎ ወፍራም ይገዛል፣ ያንንም አላልቶ ይወጥረዋል፣ እንደገና ይበጠስበታል። ጫፍና ጫፉ 2፣ መሃሉ 1.8 የሆነውን ራጂ ደካማ ነው ብላችሁ አትናቁት። መሃሉ ስለሚለጠጥ ክርኑን ያሳርፈዋል። የደንገጎን ዳገት በብስክሌት ለሚወጣ ልጅ እኔ የምመርጥለት እሱን ነው።

በማግኔት መፈተን። ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) አይደለም የሚሉ አሉ። ስቴንለስም ተስቦ ሽቦ ሲሆን ማግኔት ትንሽ ሊይዘው ይችላል።

አሮጌ ዳዶ አትመልሱ፣ አዲስ ግዙ።

ሻጩ «265 ነው» ሲላችሁም አትመኑት፤ ራሳችሁ ለኩ። የሚለካው ከክርኑ የውስጥ ጥግ እስከ ጥርሱ ጫፍ ነው፤ ከራጂው ጭንቅላት የሚጀምሩ ሞልተዋል። ለየጎኑ ሁለት ሁለት ትርፍ ግዙ፣ ልኩንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ እሰሩት።