በታብሌት ኢሜይል ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታብሌት በብዙ ቤት የአንድ ሰው ዕቃ ሆኖ አይኖርም። ጠዋት አባት ደብዳቤ ያነብበታል፣ ከሰዓት በኋላ ልጆች ካርቱን ያዩበታል፣ ማታ ደግሞ እናት ባሕር ማዶ ካለች እኅቷ ጋር በቪዲዮ ትጫወትበታለች። በውስጡ ያለው ኢሜይል ግን የአንድ ሰው ነው፤ የባንክ መልእክት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሌሎች አካውንቶች የይለፍ ቃል ማደሻ ሁሉ የሚመጣው ወደዚያው ነው። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ አለመጣጣም የሚወለዱ ሲሆኑ፣ የቀሩት ጣት ከማውስ ይልቅ ችኩል በመሆኑ የሚመጡ ናቸው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ብዙ ሰው ከሚጠቀምበት ከጂሜይል ነው።

ከዓይን የራቀውን ደብዳቤ ጠፍቷል ብሎ መተው

ጡረታ የወጡት አጎቴ አንድ ቀን "ልጄ፣ ና እስቲ፤ ይህ ዕቃ ደብዳቤዬን እየበላብኝ ነው" ብለው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሲያነቡ ብመለከት፣ ዝርዝሩን ወደ ላይ ለመግፋት አውራ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ጣታቸው ትንሽ ወደ ጎን ይሄድና ደብዳቤው ሹልክ ብሎ ይወጣል። በጂሜይል አፕ ላይ ደብዳቤን ወደ ጎን ማንሸራተት፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር፣ ደብዳቤውን አርካይቭ ያደርገዋል፤ ይህም ማለት ከኢንቦክስ ያነሣዋል እንጂ አያጠፋውም። ወዲያው ከስክሪኑ ግርጌ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ የምትለውን ድርጊቱን የምትሽር ቁልፍ ቢነኩ ይመለሳል፤ ካመለጠችዎ ደግሞ በግራ በኩል ካለው ማውጫ "ኦል ሜይል" የሚለውን ክፍል ከፍተው ወይም የላኪውን ስም በመፈለጊያው ጽፈው ያገኙታል። የአጎቴ ደብዳቤዎች ሁሉ እዚያው ተኝተው ነበር፤ አንደኛው እንዲያውም ሲጠብቁት የሰነበቱት የሕክምና ቀጠሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ለትልልቅ ሰዎች ታብሌት ሳስተካክል ገና ከጅምሩ የማደርገው፣ ወደ ቅንብሮች ገብቼ ማንሸራተት ምንም እንዳይሠራ ማድረግ ነው።

ከታብሌቱ የጠፋው ከኮምፒውተሩ አይጠፋም ብሎ ማሰብ

ደብዳቤዎቹ የተቀመጡት በታብሌቱ ውስጥ ሳይሆን በአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚገናኙት የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ታብሌቱ ላይ ያጠፉት ከስልክዎም ከኮምፒውተርዎም ይጠፋል፤ በጂሜይል ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ከቆየ በኋላም እስከ መጨረሻው ይሰረዛል። ደብዳቤዎቹ በታብሌቱ ላይ እንዳይታዩ ብቻ የሚፈልግ ሰው አካውንቱን ከታብሌቱ ላይ ማንሣት አለበት እንጂ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ማጥፋት የለበትም።

የልጆችን ቪዲዮ በአባት አካውንት ላይ ማከማቸት

ይህን ስህተት ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ቦታ ለጂሜይል ብቻ አይደለም፤ ድራይቭ የሚባለው የጉግል የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻና ፎቶዎችም ከዚያው ይካፈላሉ። ታብሌቱ በአባት አካውንት ተከፍቶ የፎቶ መጠባበቂያው ሳይዘጋ ከቀረ፣ ልጆች ሲጫወቱ የሚቀርጹት ቪዲዮ ሁሉ የአባትን ቦታ እየሞላ ይሄዳል። ቦታው ሲሞላ ጂሜይል አዲስ ደብዳቤ መቀበልም መላክም ያቆማል፣ ላኪዎችም የጻፉት ተመልሶ ይመጣባቸዋል። ሰውየው "ለምን መልስ አይሰጡኝም?" እያለ ሰዎችን ሲያማ፣ ጥፋቱ ግን ሳሎን ውስጥ የተቀረጸው የድመት ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠባበቂያውን መዝጋት፣ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ለልጆች ሌላ ተጠቃሚ ከፍቶ መስጠት ይበጃል።

የላኪውን ስም ብቻ አይቶ ማመን

የኢሜይል አፕ ደብዳቤን ሲያሳይ የላኪውን ስም ያስቀድማል፣ አድራሻውን ግን ይሸሽጋል። ስም ደግሞ ማንም የፈለገውን ሊጽፍበት የሚችል ባዶ ሰሌዳ ነው። ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ "የዲቪ ሎተሪ ደርሶዎታል" የሚለው ደብዳቤ ሲሆን፣ ባንዲራና የንስር ማኅተም ተለጥፎበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ይዞ ይመጣል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ዕጣ የወጣላቸውን ሰዎች በኢሜይል አያሳውቅም፤ አመልካቹ ራሱ ሲሞላ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ያያል። ገንዘብ በቅድሚያ በሐዋላ እንዲላክ የሚጠይቅ ደብዳቤም ከዚያ መሥሪያ ቤት የመጣ አይደለም።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስዎ የላኪውን ስም ነክተው ሙሉ አድራሻውን ይክፈቱ። የአሜሪካ መንግሥት አድራሻ የሚያበቃው በ"ዶት ጎቭ" (.gov) ነው። ቃሉ በአድራሻው መካከል መገኘቱ አይበቃም፤ አጭበርባሪዎች መካከል ላይ ጣል አድርገውት ከኋላው "ዶት ኮም" ይቀጥሉበታል። ከሁሉ የሚሻለው በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሊንክ ጨርሶ አለመንካት፣ ይልቁንም ብራውዘር ከፍቶ አድራሻውን በራስ እጅ መጻፍ ነው። ለባንክ ደብዳቤም እንዲሁ ያድርጉ።

ታብሌቱን ሳይቆልፉ ማስቀመጥ

ኢሜይል አፕ አንዴ ከተከፈተ የይለፍ ቃል ደግሞ አይጠይቅም። ስለዚህ ያለው በር የስክሪኑ መቆለፊያ ብቻ ነው። መቆለፊያው ቢኖርም እንኳ ማሳወቂያዎች በተቆለፈው ስክሪን ላይ የደብዳቤውን ይዘት ከነማረጋገጫ ኮዱ እንዳያሳዩ መከልከል ያስፈልጋል። ታብሌቱ ከጠፋ በስልክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ወደ ጉግል አካውንትዎ ገብተው፣ ከመሣሪያዎች ዝርዝር ታብሌቱን መርጠው ያስወጡት፤ ቀጥሎም የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። ለዘመድ ሲሰጡት ወይም ሲሸጡት ደግሞ አፑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አካውንቱን አንሥተው መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት ይመልሱት።

ኔትወርክ ወደሌለበት ሳይዘጋጁ መሄድ

በአንድሮይድ የጂሜይል አፕ መጀመሪያውኑ ታብሌቱ ላይ የሚያስቀምጠው የ30 ቀን ደብዳቤ ቅጂ ነው፤ የቆየው ግን በፍለጋ የሚመጣው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። አባሪ ፋይሎችም ካልወረዱ አይከፈቱም። ክፍለ አገር ሊሄዱ ሲሉ የሚያስፈልግዎትን ደብዳቤ ዋይፋይ ባለበት ከፍተው አባሪውን ያውርዱ፤ የሞባይል ዳታዎም ይተርፋል።

አባሪው ደርሷል ብሎ መገመት

የጂሜይል ደብዳቤ ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ አባሪ አይሸከምም። ከዚያ የበለጠውን ወደ ድራይቭ ያስገባና በደብዳቤው ውስጥ ሊንክ ይተካል። ታዲያ ላኪው ለተቀባዩ የማየት ፈቃድ ካልሰጠ፣ ደብዳቤው ደርሶ ፋይሉ አልከፈት ይላል። የሥራ ማመልከቻ ወይም ሰነድ ሲልኩ፣ ከመላክዎ በፊት ፈቃድ ስለመስጠት የሚጠይቀውን መስኮት ሳያነቡ በጣት አያልፉት።