ኤንኤፍኤስ ላይ «ተጽፏል» ሲባል መቼ እንመን?

ኤንኤፍኤስ የሌላ ማሽን (የሰርቨር) ፋይሎችን በኔትወርክ እንደራሳችን ዲስክ የምንጠቀምበት ዘዴ ነው። ፕሮግራማችሁ ራይት (የመጻፊያ ጥሪ) ጠርቶ የተሳካ መልስ ሲያገኝ ዳታው ገና ከማሽናችሁ አልወጣ ይሆናል። የኤንኤፍኤስ ክላየንት (በእናንተ ማሽን ያለው ወገን) ባይቱን ሚሞሪ ላይ ገልብጦ «እሺ» ይላል፤ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው አጠራቅሞ፣ ቆየት ብሎ ነው። በራሳችን ዲስክም ጽሑፍ ይዘገያል፤ እዚያ ግን ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ባዶ ቦታ መኖሩን ራይት ሲጠራ አይቶ መያዝ ይችላል። የኤንኤፍኤስ ክላየንት የሰርቨሩ ዲስክ መሙላቱን ወይም ኮታ ማለቁን የሚያውቀው ዳታውን ልኮ ሲመለስበት ነው። ያኔ ራይቱ አልፏል። ስህተቱ የሚነገረው በሚቀጥለው ራይት፣ በኤፍሲንክ («ዳታውን ዲስክ ድረስ አድርስ» የሚል ጥሪ) ወይም በክሎዝ (ፋይሉን መዝጊያ) ላይ ነው፤ የእነዚህን መልስ የማያይ ፕሮግራም ጎዶሎ ፋይል ትቶ በሰላም ይወጣል።

ስለዚህ ዋናው ፋይል ባለበት ዳይሬክተሪ ውስጥ በጊዜያዊ ስም ፋይል ክፈቱ። ራይት ስንት ባይት እንደጻፈ እያያችሁ ቀሪውን አስከትሉ። በሲ ኤፍራይት ወይም በፓይተን የፋይል ኦብጀክት ከጻፋችሁ ከከርነሉ በፊት ሌላ በፈር (ማቆያ) ስላለ አስቀድማችሁ ፍላሽ አድርጉት (ወደ ከርነሉ አስወጡት)። ከዚያ ኤፍሲንክ፣ ከዚያ ክሎዝ፤ ሪኔም (ጊዜያዊውን ስም ወደ ዋናው መቀየር) የሚመጣው ሁለቱም ከተሳኩ ብቻ ነው። ሪኔሙን ያስቀደመ ሰው ደህናውን አሮጌ ፋይል በተበላሸ ተካው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤፍሲንክ ሲከሽፍ ደግሞ በመጥራት ነው። ሊኑክስ አንዱን ስህተት ለአንድ የተከፈተ ፋይል አንዴ ብቻ ይነግራል፤ ያልደረሰው ዳታም ከሚሞሪ ተጥሎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ኤፍሲንክ ዜሮ ቢመልስ «የሚላክ አልቀረኝም» ማለቱ እንጂ ዳታው ደርሷል ማለቱ አይደለም። ዳታውን ከምንጩ አንስታችሁ በአዲስ ፋይል ጻፉ። ክሎዝንም አትድገሙ፤ ሊኑክስ ላይ ስህተት ቢመልስም ከርነሉ ለተከፈተው ፋይል የሰጠው ቁጥር ተለቋል፣ ሌላ ትሬድ (በዚያው ፕሮግራም ጎን ለጎን የሚሠራ) በዚያው ቁጥር የከፈተውን ፋይል ልትዘጉበት ትችላላችሁ።

በ1995 የወጣው የኤንኤፍኤስ ቨርዥን 3 ሰርቨሩም ዳታውን ኮሚት («ዲስክ ላይ አሳርፍ» የሚል ትዕዛዝ) እስኪመጣ ሚሞሪው ላይ እንዲያቆይ ፈቅዷል። ሰርቨሩ ከመልሱ ጋር 8 ባይት መለያ ይልካል፤ ወድቆ ከተነሳ መለያው ይቀየራል፣ ክላየንቱም ልዩነቱን አይቶ እንደገና ይልካል። ኤክስፖርቱ (ሰርቨሩ ዳይሬክተሪውን የሚያጋራበት መስመር) ላይ አሲንክ ከተጻፈ ግን ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ «ጨርሻለሁ» ስለሚል ኤፍሲንካችሁ ዋጋ የለውም። ሲንክ አድርጉት።

ማውንቱን (የሰርቨሩን ዳይሬክተሪ ከማሽናችሁ የምታገናኙበትን) ለሚጻፍበት ነገር ሃርድ አድርጉ። ሰርቨሩ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ያናድዳል፣ ዳታ ግን አይጥልም። ሶፍት ሙከራው ሲያልቅ ስህተት መልሶ ይተወዋል። ታይምኦ (መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ) የሚቆጠረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፤ 600 ማለት 60 ሰከንድ።

ለመፈተሽ ሰርቨሩ ላይ 64 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ሲስተም ሠርታችሁ ኤክስፖርት አድርጉ፤ 1 ሜጋባይት እስኪቀር ሙሉትና ከክላየንቱ 4 ሜጋባይት ጻፉበት። በኤስትሬስ (የፕሮግራሙን ጥሪዎችና መልሶቻቸውን በሚያሳይ መሣሪያ) ብትከታተሉ ብዙ ጊዜ ራይቶቹ ሁሉ ተሳክተው «ዲስክ ሞልቷል» የሚለው ኤፍሲንክ ላይ ይወጣል። ፕሮግራማችሁ ያኔም ዜሮ መልሶ ከወጣ፣ ያላየው መልስ የትኛው እንደሆነ እዚያው መስመር ላይ ታገኙታላችሁ።